ጫካው የሚከፍለው ሂሳብ
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የሂሳብ ክፍላችን ዛሬ እንዲያቀርብ የታዘዘው በአንድ የሥራ ሐሳብ ላይ ነው። የእንጉዳይ ቡድናችን ከኦይስተር እንጉዳይ በተጨማሪ ለመድኃኒትነት የሚፈለገውን ጋኖደርማ፣ ጃፓኖች ሬሺ፣ ቻይኖች ሊንግዢ የሚሉትን፣ ከከተማችን በላይ ባለው የወል ጫካ ውስጥ እናምርት ብሏል። ሐሳቡ ያጓጓል። ሬሺ ደርቆ ስለሚሸጥ እንደ ኦይስተር ገበያ ሳይደርስ አይበላሽብንም። ጫካው ጥላና እርጥበት አለው፤ ኪራይ አንከፍልም። ነገር ግን እኛ የሂሳብ ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፦ ያልተመዘገበ ወጪ ከፋይ አያጣም። እዚህ ላይ ከፋዩ የጫካው አፈር ነው። ስለዚህ እጃችንን አውጥተን ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የአፈሩን መዝገብ አብረን እንግለጥ።

መጀመሪያ ይህ እንጉዳይ የሚበላውን እንይ። ሬሺ እንጨት በል ነው። በቻይና የተለመደው አሠራር ቅጠለ ሰፋፊ ዛፎችን ቆርጦ ግንዱን በአጫጭር ጉማጅ መከፋፈል፣ ጉማጁን በእንፋሎት መቀቀል፣ የእንጉዳይ ዘር መጨመር፣ ነጩ ክር እንጨቱን ሲወርሰው ደግሞ በጥላ ሥር አፈር ውስጥ መቅበር ነው። ከዚያ በኋላ ያ ክር ጉማጁ ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ ወደ አፈሩም ይዘልቃል።

አፈሩ ደግሞ ባዶ ቤት አይደለም። በአንድ ቁንጥር የጫካ አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከእነሱ ጋር የፈንገስ ክሮች አሉ። አንዳንዶቹ ክሮች እንደ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ባሉ ዛፎቻችን ሥር ውስጥ ገብተው የሚኖሩ ናቸው፤ ለዛፉ ፎስፈረስና ውኃ ያቀብላሉ፣ ዛፉም በምላሹ ስኳር ይከፍላቸዋል። ይህ ያለ ደረሰኝ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲካሄድ የኖረ የዕቁብ ሥርዓት ነው።

አዲስ አባል ወደዚህ ዕቁብ ሲገባ ምን ይሆናል? እንጨት ካርቦን የሞላው፣ ናይትሮጂን ግን በጣም ያነሰው ነገር ነው፤ ካርቦኑ ከናይትሮጂኑ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። እንጨቱን የሚያበሰብሰው ፈንገስ የጎደለውን ናይትሮጂን ከአካባቢው አፈር ይስባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወቅት አፈሩ አበዳሪ ይሆናል። ፈንገሱ በሚያወጣው አሲድም የአፈሩ ኮምጣጣነት ሊለወጥ ይችላል፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ ይበዛል፣ አንዳንዱ ይቀንሳል። በኋላ ጉማጁ ፈርሶ አፈር ሲሆን ዕዳው ቀስ በቀስ ይመለሳል፦ አፈሩ ይለሰልሳል፣ ውኃ ይይዛል፣ የምድር ትሎች ይበዛሉ። እስከዚህ ድረስ ሂሳቡ ሊመጣጠን የሚችል ነው።

የማይመጣጠነው በዚያው መሬት ላይ ደጋግሞ መትከል ሲመጣ ነው። የቻይና ገበሬዎች በአንድ ቦታ ላይ ሬሺን ዓመት በዓመት ሲያመርቱ ምርቱ እንደሚያሽቆለቁል በደንብ ያውቃሉ፤ ስለዚህ መሬቱን ለዓመታት ያሳርፋሉ ወይም ቦታ ይቀይራሉ። በኮሪያ ደግሞ በአፈር ውስጥ የሚኖር ሌላ ፈንገስ በሬሺ ላይ ቢጫ ብስባሴ እያመጣ ብዙ አምራቾችን አክስሯል። አንድን እንግዳ ደጋግመን ስንመግብ የእንግዳውን ጠላቶችም አብረን እየመገብን ነው። እኛ ደግሞ የምንቀያይርበት ሌላ ጫካ የለንም።

ሁለተኛው ስጋት ማምለጥ ነው። ከሩቅ ምሥራቅ የመጣው ወርቃማ ኦይስተር በአሜሪካ ለምግብ ሲመረት ከእርሻ አምልጦ ጫካ ገባ። በ2025 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እሱ የሰፈረባቸው የሞቱ ዛፎች፣ ካልሰፈረባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የያዟቸው የፈንገስ ዓይነቶች በግማሽ ገደማ ያነሱ ነበሩ። ከጋኖደርማ ቤተሰብም ቢሆን የቆመ ዛፍ የሚገድሉ አሉ፤ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ የዘይት ዘንባባን ሥር የሚያበሰብሰው አንዱ ነው። ዘሩ ከውጭ መጥቶ ጫካችን ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ተመለስ ብንለው አይሰማንም።

ሦስተኛው ጉማጁ ራሱ ነው። ጉማጅ ማለት የተቆረጠ ዛፍ ነው። ቻይናም ይህ ጣጣ ገጥሟታል፤ እንጉዳይ በበዛ ቁጥር ጫካ ሳሳ። የፉጂያኑ ሊቅ ሊን ጃንሺ በ1980ዎቹ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጉዳይን ከእንጨት ይልቅ በሣር ላይ የማሳደግ ዘዴ ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ጁንካኦ የሚባለው ይህ ዘዴ ዛሬ እስከ ሩዋንዳ ደርሷል፤ በዚያም ገበሬዎች ሰልጥነውበታል። ትምህርቱ ለእኛ ግልጽ ነው፦ እንጉዳይ ለማብቀል ዛፍ መቁረጥ ግዴታ አይደለም።

እንግዲህ የሂሳብ ክፍሉ ሐሳቡ ይጣል አይልም፤ ቦታው ይቀየር ይላል። ሬሺ በከረጢት ውስጥ፣ በሰጋቱራ ላይ ይበቅላል። ሰጋቱራውን ከእንጨት ቤቶች እንገዛለን፣ ትንሽ ፉርሽካ እንጨምርበታለን፣ ኦይስተሩ በሚበቅልበት ቤት አጠገብ በተዘጋ ክፍል እናሳድገዋለን። ለሙቀትና ለእርጥበት የምናወጣው ገንዘብ አለ፤ ትርፉ ይቀንሳል። ግን የሚቀንሰው ትርፍ እኛ ራሳችን የምንከፍለው፣ በደረሰኝ የተያዘ ወጪ ነው።

ምርቱ ሲያልቅ የሚቀረውን ብስባሽ ወደ ጫካ አንወስደውም። እንደገና እናሞቀዋለን፣ ከከብት እበት ጋር ደባልቀን በኮምፖስት ጉድጓድ እናብላላዋለን፣ ከዚያ በየጓሯችን ጎመን ሥር እናደርገዋለን። አፈር የሚጠግበው እንዲህ ነው።

ለገዢም እውነቱን እንንገር። ሬሺ በምሥራቅ እስያ ለብዙ ዘመናት የተከበረ መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ ካንሰርን ያድናል ለማለት የሚያስችል በቂ ማስረጃ አለመኖሩን በ2016 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ ገልጿል። ስለዚህ ማሸጊያችን ላይ «ይፈውሳል» የሚል ቃል አይጻፍ። የታመመች እህታችን ሐኪም ያዘዘላትን ትታ የእኛን ዱቄት ብታፈላ፣ ያ ዕዳ በየትኛውም መዝገብ አይሰረዝም።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። የጫካው ዕቅድ በሪፖርት ላይ ባነሰ ወጪ ብዙ ገቢ ያሳያችሁ ነበር። የክፍሉ ዕቅድ ብዙ ወጪና አነስ ያለ ገቢ ያሳያችኋል። ሁለተኛውን የምንመርጠው የመጀመሪያው ሪፖርት ግማሽ ሂሳብ ስለሆነ ነው። የጎደለውን ግማሽ ከጫካው ሥር የሚወጣውን ምንጭ የሚቀዱ ልጆቻችን ይከፍሉታል።

አሁን ለድምፅ የምናቀርበው ይህን ነው፦ ሬሺ በከረጢትና በተዘጋ ክፍል ይመረት፤ የወል ጫካችን ከማንኛውም የእንጉዳይ ዘር ነጻ ይሁን፤ የጓሮ አፈራችን በየዓመቱ ይመርመርና ውጤቱ ከገንዘብ ሪፖርታችን ጎን ይነበብ። የምትቃወሙ እህቶች ካላችሁ ቅድሚያ ለእናንተ ነው፤ እናዳምጣለን።