በነሐሴ ወደ አዋሽ ፓርክ

(በድሬዳዋ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)



የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በመጪው ክረምት አባላቱ በአንድነት ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄደው፣ ድንኳን ተክለው፣ ፎቶግራፍ እያነሡ ጥቂት ቀናት እንዲቆዩ አስቦ ስለ ጉዞው አሰናዳድ እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ ትእዛዙን የተቀበልሁት በደስታ ነው። ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምናገኘው ከስቱዲዮ ውስጥ ነው። በዚህች ከተማ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ተመራቂ፣ ስንት አዲስ ልብስ የገዛ ወጣት በመጋረጃ ላይ በተሣለ ፏፏቴ ፊት አቁመን እንዳነሣን ቁጥሩን የሚያውቅ የለም። እውነተኛው ፏፏቴ ከእኛ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቀንና ሌሊት ሲወርድ፣ እኛ ወደ አዲስ አበባ ስንመላለስ በአጠገቡ እንቅልፋችንን እየተኛን እናልፋለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። ስለ ፎቶግራፍና ስለ ድንኳን ኑሮ በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት «በጁላይና በኦገስት ውጡ» ብለው ይመክራሉ። ጸሐፊዎቹ እውነታቸውን ነው፤ በአገራቸው እነዚያ ወራት ሰማይ የሚጠራባቸው፣ ቀኑ የሚረዝምባቸው፣ መሬቱም የሚደርቅባቸው ናቸው። እኛም በትምህርት ቤት ሳለን ያንኑ ወቅት «በጋ» እያልን ስንተረጉም አደግን። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ግን ክረምት ነው። ስለሆነም የእነርሱን የጉዞ ምክር ከእነ ወሩ መቅዳት ድንኳንን በጎርፍ መንገድ ላይ እንደ መትከል ይሆናል፤ ይህንንም ለምሳሌ ብቻ የተናገርሁት አለመሆኑን ወደ ኋላ ታያላችሁ።

ታዲያ ለምን በክረምት እንሄዳለን? መልሱ ከሙያችን የሚመጣ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉትም ሳምንታት እንዲሁ። ሰኔና ሐምሌ የተመራቂዎች ናቸው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ግን የፍልሰታ ጾም ስለሆነ በክርስቲያኑ በኩል ሠርግ አይደገስም፤ በሙስሊሙ በኩል የሚደረገውን ሠርግ ከእኛ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከተማ ቀርተው በተራ ሊሸፍኑ ይችላሉ። በዚህ ላይ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለ። ማኅበራችን እንደ ከተማችን ሁሉ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች ያሉበት ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ሥጋውን ማን ባረከው፣ ድስቱስ ስንት ይሁን የሚል ጉዳይ ይነሣ ነበር። በፍልሰታ ሽሮውም ምስሩም በሶውም የሁሉ ነው፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። የማይጾመው ወንድማችን ጿሚው እስኪፈታ መታገሥ ከቻለ ነው እንጂ!

እንግዲህ ቀኑ ተገኘ። ዳሩ ግን እኛ ሥራ የምንፈታባቸው እነዚሁ ሁለት ሳምንታት ውኃ ሥራውን የሚሠራባቸው ናቸው። ለዚህ ምስክር ከሌላ አገር መጥራት አያስፈልገንም። ደቻቱ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴም ዕቃውን ይዘረጋበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በደጋው በኩል የጣለው ዝናብ በዚያው አሸዋ ላይ ወርዶ በከተማችን ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። አሟሟታቸውን ልተርክ አልተነሣሁም፤ ብዙዎቻችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በእኛ ሙያ በኩል ያየሁትን ብቻ ልናገር። በተከታዮቹ ሳምንታት ወደ ስቱዲዮዬ ይመጡ የነበሩት ሰዎች ፎቶግራፍ ሊነሡ የመጡ አልነበሩም። «ለጥምቀት ያነሣኻት ልጅ ነበረችን፤ ያለን ምስሏ ከቤቱ ጋር ሄደ» የሚሉ ነበሩ። ኔጋቲቮቼን በቀን ቅደም ተከተል አላስቀመጥኋቸውም ነበርና ከየመሳቢያው እያወጣሁ ወደ መብራት በማንሣት ስፈልግ አመሸሁ። አንዳንዱን አገኘሁ፤ አንዳንዱን አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ አንዲት ኔጋቲቭ ቀን ሳልጽፍባት አላስቀመጥሁም።

ደረቅ ወንዝ የውኃ መንገድ መሆኑን ከዚያ አስቀድሞ እኔ በግሌ ልማረው የሚገባኝ አጋጣሚ ነበረ። በ1988 ዓ.ም. ክረምት አራት ወጣቶች ሆነን በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ወደ አዋሽ ስንጓዝ ከሚኤሶ አለፍ ብለን መሸብን። ድንኳናችንን ለመትከል ያየነው የመጀመሪያው ምቹ ቦታ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ነበር፤ ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ የለበትም፣ ከነፋስም የተከለለ ነው። ግመሎቹን እየነዳ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ቆም ብሎ ከተመለከተን በኋላ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። ሾፌራችን ሲተረጉምልን «ይህ ቦታ ባለቤት አለው፤ ማታ ይመጣል» አለን። እኛም ገንዘብ የሚጠይቀን መስሎን ኪሳችንን መዳበስ ጀመርን። ሽማግሌው ሳቀና በምርኩዙ ወደ ደቡብ አመለከተ። በጨርጨር ተራሮች ላይ ጥቁር ደመና ቆሟል፤ በእኛ ራስ ላይ ግን ኮከብ ሊታይ ነበር። እያጉረመረምን ዕቃችንን ወደ ዳገቱ አወጣን። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ እንደ ባቡር ያለ ድምፅ ሰማን። ጧት ስናይ በችኮላ የረሳነው የካሜራ መቆሚያ ከነቦታው አልነበረም። በራሳችን ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደም ነበር። በማግሥቱ ሽማግሌውን አግኝተን ፎቶግራፍ አነሣሁትና «አትሜ አመጣልሃለሁ» አልሁት። አላመጣሁለትም።

ይህን ሁሉ ያስታወስሁት ልባችሁን ለማስፈራት አይደለም። ጉዞው እንዲደረግ ከሚሹት መካከል የመጀመሪያው እኔ ነኝ። የጉዞ ዝግጅት ማለት ግን ሌንስና ብርድ ልብስ መቁጠር ብቻ አለመሆኑን፣ በሌላ ሰው ተራራ ላይ የሚጥለውን ዝናብ ማሰብም ጭምር መሆኑን ለማሳሰብ ነው። አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ነው፤ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ድንበር ካለው ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በመካከሉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የቆቃ ግድብ አለ፤ ግድብ ሲሞላ ደግሞ ውኃ ይለቀቃል። ስለዚህ በፓርኩ ውስጥ በወንዙ ዳር ተቀምጦ ሰማዩን ብቻ የሚመለከት ሰው ከሸዋ የሚመጣውን አያይም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ከዳርቻው አልፎ በታችኛው አገር በአፋር ብዙ ሕዝብ ማፈናቀሉን ታስታውሳላችሁ።

በፓርኩ ውስጥ የድንኳን መትከያ ቦታዎች ያሉት በወንዙ ዳር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ በበጋ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በነሐሴ ግን እንደ ደረስን የፓርኩን ስካውቶች ጠይቀን ከፍ ያለውን ስፍራ እንድንመርጥ፣ ጥላው ቢቀርብንም እንዳናጉረመርም ከወዲሁ እለምናለሁ። በወንዙም ዳር መታጠብ ክልክል ይሁን፤ ከፏፏቴው በታች አዞ አለ። ቆላው በክረምትና ከክረምቱ በኋላ ወባ የሚበረታበት ስለሆነ አጎበር ያልያዘ አባል መኪናው ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ከውኃው በተጨማሪ መሬቱም ራሱ አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በአካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት ተደጋግሞ፣ መንገድ ተሰንጥቆ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከመኖሪያው እንዲነሣ ተደርጎ ነበር። ስለሆነም ከመነሣታችን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ፓርኩ እንግዳ መቀበል አለመቀበሉን፣ የመንገዱንም ሰላም የሚያጣራ አንድ ሰው ኮሚቴው ይሰይም። ስልክ መደወል ብቻ አይበቃም፤ በዚያው ሰሞን ከዚያ የመጣ ሾፌር ፈልጎ መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ማጓጓዣው አጭር ቃል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው አዲሱ ባቡር በአዋሽ ያልፋል፤ ለእኛም የባቡር ከተማ ልጆች ልባችን ወደዚያ ያደላል። ነገር ግን ጣቢያው ከደረስን በኋላ ወደ ፓርኩ የሚያስገባን መኪና የግድ ነው፣ በፓርኩም ውስጥ ያለ ጠባቂ በእግር መዘዋወር አይቻልም። ስለዚህ ከዚሁ ሁለት ሚኒባስ ተከራይተን በቁልቢና በጭሮ በኩል ብንሄድ ይበጃል። በዚህ መንገድ ላይ የሙያ ጉዳይ አለ፤ በቁልቢ በኩል በነሐሴ ጉምና ብርድ ነው፤ ካሜራችንም ከእኛ ጋር ይበርዳል። ከዚያ ወደ ቆላው ሙቀትና እርጥበት ወርደን ወዲያው ብናወጣው ሌንሱ ላይ እንፋሎት ይቀመጥበታል። ቦርሳው ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ የሚወለውል ሰው ባየሁ ቁጥር ጥርሴ ይፋጫል።

አሁን ወደ ደስታው ልግባ። የአዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሞ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የጸና ሲሆን ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በፊት የከረዩና የአፋር ከብት የሚሰማራበት ምድር ነበር፤ እስከ ዛሬም ስለ ግጦሹ ክርክሩ አላለቀም። ይህን ማወቅ ለእኛም ይጠቅመናል፤ በፓርኩ አጠገብ ከብት የሚጠብቀውን ሰው ሳንጠይቅ ካሜራ ብናነሣበት የምንነካው አሮጌ ቁስል ነውና። ድልድይና የወታደር ጣቢያም ፎቶግራፍ እንዳታነሡ፤ ጉዟችን በፖሊስ ጣቢያ እንዲያልቅ አልሻም።

በክረምት አራዊቱን ማግኘት ከበጋ ይልቅ አስቸጋሪ መሆኑን አልደብቃችሁም። በበጋ ውኃ ፍለጋ ይሰበሰባሉ፤ በክረምት ውኃና ሣር በየቦታው ስላለ ይበታተናሉ፤ ሣሩም ይረዝማል። በአንጻሩ በበጋ አቧራ የሚያደበዝዘው አየር በዝናብ ታጥቦ ይጠራል፤ ፈንታሌ እስከ 2,007 ሜትር ከፍታው ድረስ አረንጓዴ ለብሶ ከነሸንተረሩ ይታያል። ፏፏቴውም በበጋ ቀጭን ጅረት የነበረው ቀይ ቡናማ ሆኖ ያገሣል። ቀለሙ አያሳፍራችሁ፤ ሰማያዊ የሆነው በመጋረጃችን ላይ ያለው ብቻ ነው።

በኢላላ ሳላ ሜዳ፣ ሜዳው በስሙ የተጠራበትን ሳላን እናገኝ ይሆናል። ሳላ ገላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዶቹም ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ናቸው። እነዚያ ቀንዶች ከኋላቸው ተራራ ወይም ቁጥቋጦ ሲኖር ጠፍተው ይቀራሉ፤ ሰማይ ሲሆን ግን እንደ ጦር ጎልተው ይወጣሉ። ከመኪናው ሳንወርድ ሌንሱን በመስኮቱ ላይ ዝቅ አድርገን ብናነሣ ያ ይገኛል። መቆሚያ በመኪና ውስጥ አይመችምና እያንዳንዱ ሰው አንድ ኪሎ ክክ በትንሽ ከረጢት አሰፍቶ ይያዝ፤ ሌንሱን ያሳርፍበታል፣ ስንቅ ካለቀም ይቀቀላል። የማንሻው ሰዓት ከጧቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ መሬቱ ስለሚግል አየሩ በሌንሱ ፊት ይርገበገባል፤ ሺሕ ብር የወጣበትም ሆነ መቶ ሺሕ የወጣበት ሌንስ እኩል የደበዘዘ ሥዕል ያወጣል። ያኔ ተኙ፣ ወይም ወፎችን ተመልከቱ፤ በፓርኩ ከ450 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል። በሰሜን በኩል ያለውን የፍልውሃውን የዘንባባ ደን ለማየት የምትጓጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን በጭቃ ጊዜ እንዳንሞክረው፣ ለጥቅምት ወይም ለኅዳር እንድናቆየው ሐሳብ አቀርባለሁ።

የ1988ቱን ኔጋቲቭ ባለፈው ወር አግኝቼዋለሁ፤ እርሱ ቀን ያልተጻፈበት ነው። በሁለት ቅጂ አትሜ ይዤ እሄዳለሁ። ሽማግሌው ዛሬ በሕይወት አለ ብዬ አልገምትም፤ ከሚኤሶ ወዲያ ባሉት የሻይ ቤቶች ወርደን «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?» ብለን የምንጠይቅበት አንድ ሰዓት በጉዞው ሰሌዳ ውስጥ እንዲገባልኝ ኮሚቴውን እጠይቃለሁ። እናንተም በልዩ ልዩ ጊዜ «አመጣለሁ» ያላችሁት ፎቶግራፍ ካለ በዚያው ፈልጉት።

የተመዝጋቢዎች ስም እስከ ሐምሌ 15 ቀን ለጸሐፊው ይሰጥ። ድንኳን ያላችሁ በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ግቢ ይዛችሁ ኑ፤ ተክለን ከላይ በባልዲ ውኃ እናፈስበታለን፣ ባለቤቱም ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።