ማኅደርና ሙዳይ፤ የመያዣ ይዞታ በቅርስ ዋጋ ላይ ስላለው ድርሻ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የጥንት ጌጣጌጥ ዋጋ የሚል ነው። እኔ ግን ከጌጡ ይልቅ ጌጡ ስለሚያድርበት ዕቃ ጥቂት ማለትን መርጫለሁ። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ሁለት የታወቁ መያዣዎች አሉ። አንደኛው ከቆዳ ተሰፍቶ በጠፍር የሚንጠለጠለው የመጽሐፍ ማኅደር ነው። ሁለተኛው ሴቶች ድሪያቸውን፣ አልቧቸውንና ጉትቻቸውን የሚያኖሩበት፣ ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋው ሙዳይ ነው። ማኅደር ማለት በግእዝ ማደሪያ ማለት ነውና፣ ዕቃው ተራ መጠቅለያ አለመሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

በውጭው ዓለም ይህ ነገር በገበያ የታወቀ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የገና ዛፍን አሮጌ የመስተዋት ጌጥ የሚሰበስቡ ሰዎች፣ ከነካርቶኑ የተገኘውን ካርቶኑ ከጠፋበት አብልጠው ይገዛሉ። ካርቶኑ የሠሪውን ስምና የተሠራበትን ዘመን ይናገራልና።

በእኛ ዘንድ ግን ሙዳይ በሚዛን ላይ አይወጣም። የቀድሞው የብር ጌጥ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የማርያ ቴሬዛን ብር በማቅለጥ ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ ከዳባት ወይም ከደባርቅ የመጣች እናት የእናቷን ድሪ ለመሸጥ በቀረበች ጊዜ፣ ነጋዴው የሚመዝነው ብሩን ብቻ ነው። ሙዳዩ ይጣላል። ከእርሱም ጋር ድሪው የማን እንደ ነበረና ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳው ምልክት አብሮ ይጠፋል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ የለመድነውን ነገር እናቃልላለን።

የማኅደር ጥቅም በቅድሚያ መጠበቅ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ከርዘን በ1849 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ በግብፅ በረሃ በሚገኘው የሶርያውያን ገዳም የሐበሻ መነኮሳት መጻሕፍት በማኅደራቸው ሆነው ከግድግዳ ችካል ላይ ተንጠልጥለው ማየቱን ጽፏል። በዚህ አኳኋን መጽሐፉ ከመሬት እርጥበትም ከአይጥም ይርቃል። ክረምቱ ለሚበረታበት ለጎንደር ደጋ ከዚህ የተሻለ ብልኀት ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጥቅሙ ምስክርነት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዷቸው መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ መቅደላ ተጓዙ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን ምርኮ በሐራጅ በተነው። ዛሬ በለንደን ካሉት መጻሕፍት የቀድሞ ባለቤታቸው የሚታወቀው፣ በኅዳጋቸው ላይ የደብሩ ስም ስለ ተጻፈ ነው። ጽሑፍ የሌለው መስቀል ወይም ጌጥ ግን እንዲህ ያለ ኅዳግ የለውም። ኅዳጉ መያዣው ነው።

እንግዲህ ዋጋ ስንገምት ሦስት ዓይነት ይዞታ መለየት ይገባናል። የመጀመሪያው ከዕቃው ጋር የተሠራና የተሟላ መያዣ ነው፤ መጽሐፉ ልክክ ብሎ ይገባበታል፤ ጠፍሩም ከመያዝ ብዛት ልዟል። ሁለተኛው የራሱ ሆኖ የተቀደደ ወይም የተጣፈ ነው። ይህ ዋጋ ይቀንሳል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ነገር ግን በቀድሞ እጅ የተጣፈ ጥፍ ራሱ ታሪክ ነው። ዋጋ የሚቀንሰው፣ አምሮ እንዲታይ ብለን አጥበን፣ ቀብተን፣ በአዲስ ክር ስንሰፋው ነው። ሦስተኛውና አደገኛው፣ አሮጌ ማኅደር ውስጥ አዲስ ሥራ አግብቶ ማቅረብ ነው። በጭስ የጠቆረ ብራና አይተን ብቻ እንዳንታለል፣ መያዣውና ይዘቱ በልክም በአረጃጀትም መስማማታቸውን እንመርምር።

ዋጋ ስል ወደ ውጭ የሚሸጥበትን ማለቴ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ያዝዛል። የእኛም ግምት ለዚሁ ጥበቃ የሚያገለግል ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በምንሞላው መዝገብ ላይ መያዣው የራሱ መስመር ይኑረው፤ ለዕቃውና ለመያዣው አንድ ቁጥር ይሰጥ። ቁጥሩም በቆዳው ላይ በቀለም አይጻፍ፤ በጥጥ ክር በታሰረ ወረቀት ላይ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ብርን በሱፍ ጨርቅ አንጠቅልል፣ በላስቲክም አንሰር፤ በውስጣቸው ያለው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋልና። የታጠበ ነጭ ጥጥ ይበቃል። ቆዳም በፕላስቲክ ከረጢት ታፍኖ ከከረመ ይሻግታል።

ሦስተኛ፣ ወደ ጃናሞራም ሆነ ወደ ሌላው ወረዳ ለምዝገባ ስንወጣ፣ ጌጡን ብቻ «አምጡልን» አንበል። «ከነማደሪያው አሳዩን» እንበል። ቤተሰቡም መያዣው ዋጋ እንዳለው የሚረዳው፣ እኛ በአክብሮት ስንቀበለው ሲያይ ነው።

ብር ቢቀልጥ ተመልሶ ብር ይሆናል። የተጣለ ሙዳይ ግን የያዘውን ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ያንንም መልሶ የሚሰፋ አንጥረኛም ሆነ ሰፊ አይገኝም።