ራሕማ ኤል-ዩኑሲያህ፦ ቅኝ ገዢውን በመድረሳዋ የታገለች እህት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ጁምዓ አንድ አባት ልጃቸውን ከመድረሳ ሊያስወጡ መጡ። «ቁርኣኑን ከቀራች፣ ሶላቷን ካወቀች ሌላ ምን ቀራት?» አሉኝ። መልሴን ለዛሬ አቆየሁት፤ እዚህ ካሉ አይቀየሙኝ።

ራሕማ ኤል-ዩኑሲያህ በ1900 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ሱማትራ፣ ፓዳንግ ፓንጃንግ ተወለደች። ኢንዶኔዥያ ያኔ በሆላንዶች እጅ ነበረች። ወንድሟ ዘይኑዲን ላባይ በ1915 በከፈተው መድረሳ ወንድና ሴት አብረው ይማሩ ነበር፤ እሷም እዚያው ተማረች። ግን አንድ ነገር አላስተኛትም። ሴቶቹ ስለ ሐይድ፣ ስለ ኒፋስ፣ ስለ ትዳር ሐቅ በወንዶች ፊት መጠየቅ ያፍራሉ። ሳይጠይቁ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህ በእኛም አለ፤ በየሳምንቱ አየዋለሁ።

እናም ዑለማዎች ዘንድ እየሄደች ቀራች። ኖቬምበር 1 ቀን 1923 የሴቶች መድረሳ ስትከፍት ገና 23 ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ የመጡት 71 ሲሆኑ አብዛኞቹ ባለትዳሮች ነበሩ፤ የተማሩትም መስጂድ ውስጥ ነው።

በ1926 የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንጻውን አፈረሰው። እየዞረች ገንዘብ ሰብስባ መልሳ አቆመችው። የሆላንድ መንግሥት ድጎማ ልስጥሽ ሲላት ግን እምቢ አለች፤ ገንዘቡን የሰጠ ትምህርቱንም ማዘዙ አይቀርም ብላ። ወንድሞች፣ እኛ የመድረሳችንን ቆርቆሮ ለመግዛት ስንት ወር እንደለመንን አትርሱ! በ1932 መንግሥት የግል ትምህርት ቤቶችን በፈቃድ የሚያስር ደንብ ሲያወጣም ከፊት ሆነው ከተቃወሙት አንዷ ነበረች።

በ1945 ነጻነት መታወጁን ስትሰማ ባንዲራውን በመድረሳዋ ግቢ ሰቀለች። የአካባቢው ወጣቶች ለጦር ሲደራጁ አብራ አደራጀች፤ ስንቃቸውንና ልብሳቸውን አሰናዳች። ሆላንዶች ተመልሰው ሲመጡ በ1949 አሰሯት። ከነጻነት በኋላ፣ በ1955ቱ ምርጫ ሕዝቡ ወደ ፓርላማ ላካት።

በዚያው ዓመት የአል-አዝሀር ታላቅ ሸይኽ ዐብዱረሕማን ታጅ መድረሳዋን ጎበኙ። በ1957 ካይሮ ጋብዘው «ሸይኻ» የሚል ማዕረግ ሰጧት። አል-አዝሀር ራሱ የሴቶች ኮሌጅ የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። አዎ፣ ከእሷ መድረሳ በኋላ!

የእኚያ አባት ልጅ 11 ዓመቷ ነው። ፊቅህ ጀምራለች፤ ጥያቄም ታበዛለች። ቅዳሜ ጠዋት ቦታዋን ይዤ እጠብቃታለሁ፣ ኢንሻአላህ።