የመርከብ ሞተር መኰንን ኑሮ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



እኛ ከወልድያ ተራሮች ሥር ሆነን ስለ ባሕር ኃይል ስንናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» አሜሪካ ውስጥ ተሠርታ በ1935 ዓ.ም. ውሃ ላይ የወረደች፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ለአገራችን የተሰጠች ነበረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው። በፎቶግራፍ የምናየው ነጭ ልብስ የለበሰውን የላይኛውን መኰንን ነው፤ የሞተሩ መኰንን ከታች፣ በናፍጣ ሽታና በጩኸት መካከል ነው፤ ያውም በምፅዋ ሙቀት! ሥራውም ሞተር ማስነሣትና ማጥፋት ብቻ አይደለም። ለማቀዝቀዣ የሚገባው የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት ቱቦውን ይበላዋል፤ ዘወትር መፍታት፣ መጥረግ፣ መለወጥ ነው።

በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ትብብር ሲቋረጥ መለዋወጫ የሚመጣበት ቀጥተኛ በር ተዘጋ። መርከቢቱ ግን በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን እስከሄደችበት ጊዜ ሌላ 14 ዓመት ቆየች። ስለዚያ ዘመን አዛዦች ሲነሡ እንሰማለን፤ ሞተሩን ያቆዩትን ማን ያነሣቸዋል?

ዛሬ የራሳችን ወደብ የለንም። ሆኖም ባሕር ዳር ላይ የሜካኒካል ምሩቃን ለንግድ መርከብ ሞተር መኰንንነት ይሠለጥናሉ፤ መንገዱም በጋሸናና በወረታ በኩል ነው። ከመካከላችን ለመሄድ ያሰበ ቢኖር ከስብሰባው በኋላ ያነጋግረን።