«ዌል» ማለት «ደህና ነህ» ማለት አይደለም



ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት የምርመራ ወረቀት ይዘው መጡ። ከትንሹ አንጀታቸው የተወሰደ ናሙና ውጤት ነው። ልጃቸው አንብቦ፣ «‹ዌል ዲፈረንሺየትድ› ይላል፤ ዌል ደግሞ ደህና ማለት ነው» ስላላቸው ቀጠሯቸውን ትተውታል። እንዲህ ያለው ንባብ ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል ዛሬ ጥቂት እንበልበት።

ትንሹ አንጀት በአዋቂ ሰው 6 ሜትር ያህል ይረዝማል። የውስጥ ሽፋኑ በየ3 እስከ 5 ቀኑ ይታደሳል። በሽፋኑ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ሥር ለሌሎቹ እናት የሆኑ ሕዋሳት አሉ፤ ከእነርሱ የሚወለዱት ደግሞ ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዱ ምግብ ይመጣል፣ አንዱ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል፣ ሌላው ሆርሞን ይሠራል። «ዲፈረንሺዬሽን» የሚባለው ይህ በሥራና በመልክ መለያየት ነው።

ካንሰር ሲመጣ ይህ ሥርዓት ይዛባል። ሐኪሙ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ «ሕዋሳቱ ጤናማውን ምን ያህል ይመስላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። በደንብ ከመሰሉ «ዌል»፣ መልካቸውን ካጡ «ፑርሊ» ብሎ ይጽፋል። የሚመስሉት ብዙውን ጊዜ ዝግ ብለው ያድጋሉ፤ መልክ ያጡት ይፈጥናሉ። ሁለቱም ግን ካንሰር ናቸው!

ደግሞም ቃሉ በሽታው የት እንደደረሰ አይናገርም። ከሆርሞን ሠሪዎቹ ሕዋሳት የሚነሳው ካንሰር ዝግተኛ ሆኖ ሳለ፣ ሲገኝ ጉበት ደርሶ ሊሆን ይችላል። ጀርመናዊው ሐኪም ኦበርንዶርፈር እ.ኤ.አ. በ1907 «ካርሲኖይድ»፣ ማለትም ካንሰር መሰል፣ ብሎ የሰየመው ጉዳት የማያደርስ መስሎት ነበር። በ1929 ግን እንደሚሰራጭ ራሱ አስታወቀ። እንግዲህ ቃል ያታለለው ያንን ልጅ ብቻ አይደለም።

የዚህ ተገላቢጦሽም አለ። «ፑርሊ» የሚለውን አይተው ተስፋ የሚቆርጡ ቤተሰቦች አሉ። ሕዋሱ መልኩን አጣ ማለት ሕክምና የለውም ማለት አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናውም ሆነ ኬሞቴራፒው የሚወሰነው የካንሰሩ ዓይነት፣ ስርጭቱና የሕመምተኛው አቅም ታይቶ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ስትቀበሉ ሐኪሙን «ዓይነቱ ምንድን ነው? የት ደርሷል? ቀጥሎስ ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ጥቁር ሰገራ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ የክብደት መቀነስ ወይም ከምግብ በኋላ የሚመላለስ ቁርጠት ያለበት ሰውም «ጨጓራዬ ነው» እያለ አይክረም።

እኚያ አባት በማግስቱ ከልጃቸው ጋር ሄደው አዲስ ቀጠሮ ይዘዋል።