ሁለተኛው ዲግሪ ወዴት ያደርሳል?

(በማኅበሩ የውይይት ስብሰባ ላይ ለትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በትምህርት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ ለመምህሩ ምን እንደሚያስገኝለት ነው። ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ስለ እንጀራ መነጋገርም ነውር አይደለምና በግልጽ እንነጋገር።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ. ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ ለመማር የሚመኝ ሰው በአብዛኛው ባሕር መሻገር ነበረበት። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ በኋላ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ነው። ዛሬ ግን አንድ መምህር ከሥራው ሳይለቅ በክረምት እየተመላለሰ ሊማር ይችላል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? አንደኛ፣ በዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር ለመባል ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ለሦስተኛው ዲግሪም መንገዱ ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ የትምህርት አመራር ያጠና ሰው ለርእሰ መምህርነትና ለሱፐርቫይዘርነት ተመራጭ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ምዘና ወይም ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያጠና ሰው መጻሕፍትና ፈተና በሚዘጋጁባቸው መሥሪያ ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች ይፈለጋል። ደመወዙም በዚያው መጠን ከፍ ይላል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከነዚህ በሮች አብዛኞቹ የሚከፈቱት ወደ ውጭ ነው፤ መምህሩን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ያርቁታል። በ2014 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም የተሻለ የተማረው መምህር በተማረ ቁጥር ከክፍል የሚወጣ ከሆነ፣ ልጆቹን ማን ያስተምራቸው?

እንግዲህ ዲግሪውን አትፈልጉ አልልም፤ ፈልጉ። ግን አስቀድማችሁ ሁለት ሦስት ዓመት አስተምሩ፤ ክፍል ያላየ ሰው ስለ ክፍል የሚጽፈው ጥናት ባዶ ነውና። የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም እዚያው ካያችሁት ችግር አውጡ፦ ልጁ አራተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያቃተው ለምንድን ነው? ሰማንያ ተማሪ ባለበት ክፍል ደብተር እንዴት ይታረማል? ይህን መርምሮ መልስ ያገኘ ሰው፣ የትም ቢሄድ የሚፈለገው ለወረቀቱ ሳይሆን ለዕውቀቱ ነው።

ለማኅበራችንም አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ በክፍል ውስጥ የቀረ መምህር፣ ወደ ቢሮ ከሄደው ጓደኛው ያላነሰ ደመወዝና እድገት እንዲያገኝ ድምፃችንን እናሰማ። ማስተማር የሚወድ ሰው ለመክበር ሲል ማስተማሩን መተው የለበትም።