ስለ ጊታር ላከር ጥቃቅን ጉድለቶችና ስለ አጠጋገናቸው
(በመቀሌ፣ በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ለክበባችን በስጦታ ስለ ተላከው ጊታር ባለፈው ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡም «ጊታሩ ተጭሯል፤ ጠርዙም ተሸርፏል፤ ስለዚህ ወደ እንጨት ሥራ ቤት ወስደን ቅቡን በሙሉ አስፍቀን እንደ አዲስ ቫርኒሽ እናስቀባው» የሚል ነበር። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን መርምሬ እንዳስረዳ ስለ ታዘዝሁ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜአለሁ።

የንግግሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ትንሽ ጉድለት የሚፈልገው ትንሽ ጥገና ነው። የጥገናውን መንገድ የሚወስነውም የእኛ ፍላጎት ሳይሆን በእንጨቱ ላይ ያለው የቅብ ዓይነት ነው። ይህን ሳያውቁ ብሩሽ ማንሣት መልካሙን ዕቃ ማበላሸት ነው።

በመጀመሪያ ቅቡ ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። የጊታር እንጨት ያለ ቅብ ቢቀር የእጅ ላብ ይመጠዋል፤ ይቆሽሻል፤ አየሩ ሲርስ ቶሎ ያብጣል፣ ሲደርቅም ቶሎ ይኮማተራል። ቅቡ ይህን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያግደውም። ውፍረቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በደኅና ጊታር ላይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የጊታር ፊት ልክ እንደ ከበሮ ቆዳ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚሰጥ ስስ ሳንቃ ነው። ወፍራም ቅብ ሲጫነው ድምፁ ይታፈናል። ለቁም ሣጥንና ለጠረጴዛ የሚያምረው ወፍራም ቫርኒሽ ለጊታር የማይስማማው ስለዚህ ነው።

ለጊታር የሚያገለግሉት ዋና ዋና ቅቦች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ሼላክ ነው። ይህ ላክ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት በሕንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ ከሚያመነጩት ሙጫ የሚገኝ ሲሆን፣ በስፒርቶ ሟምቶ በጨርቅ ቀስ እየተባለ ይታሻል። የጥንቶቹ የስፔን ጊታር ሠሪዎች የሚጠቀሙት በዚህ ነበር፤ ዛሬም በእጅ የሚሠሩ የክላሲክ ጊታሮችን በእርሱ የሚለብጡ ባለሙያዎች አሉ።

ሁለተኛው ናይትሮሴሉሎስ ላከር ነው። ይህም ጥጥን የመሰለ የእፅዋት ጭረት ከናይትሪክ አሲድ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዱኮ» በሚል ስም ለአውቶሞቢል ቀለም አቀረበው። በመረጭያ ስለሚረጭና ቶሎ ስለሚደርቅ ጊታር ሠሪዎችም ወደዱት፤ ማርቲን፣ ጊብሰንና ፌንደር ታዋቂ ጊታሮቻቸውን የለበጡት በዚሁ ነው።

ሦስተኛው ፖሊስተርና ፖሊዩሬቴን የሚባለው ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየተስፋፋ መጥቶ ዛሬ በገበያ ላይ ያለውን አብዛኛውን ርካሽ ጊታር ለብሶታል። ጠንካራና የማይበገር ነው።

ለጥገና ዋናው ልዩነት የሚከተለው ነው። ሼላክና ላከር ከደረቁም በኋላ በየራሳቸው ማቅጠኛ ዳግመኛ ይሟሟሉ። ስለዚህ በቆየ ላከር ላይ አዲስ የላከር ጠብታ ቢጣልበት አሮጌው ይለሰልስና ከአዲሱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ሦስተኛው ግን አንድ ጊዜ ከጠነከረ ወዲያ አይሟሟም። አዲሱ ቅብ በላዩ ይቀመጣል እንጂ አይዋሐደውም፤ ዙሪያውም እንደ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ለእርሱ ጥቃቅን ሽርፍራፊ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ መሙላት ይሻላል።

ታዲያ ዓይነቱ እንዴት ይታወቃል? በማይታይ ቦታ ይፈተናል። በጊታሩ ራስ ላይ ካሉት መቃኛዎች አንዱን ብንፈታ ከሥሩ የተሸፈነ ቅብ እናገኛለን። በጥጥ ጫፍ መጀመሪያ ስፒርቶ፣ ቀጥሎም ቲነር እናስነካዋለን። በስፒርቶ ከተጣበቀ ሼላክ ነው። ስፒርቶው እምብዛም ሳያደርገው በቲነር ከለሰለሰ ላከር ነው። ሁለቱም ምንም ካላደረጉት ሦስተኛው ዓይነት ነው። በእኛ ጊታር ላይ ይህ ፈተና ተደርጓል። ስፒርቶው አልነካውም፤ ቲነሩ ግን ወዲያው አለሰለሰው። እንግዲህ በእጃችን ያለው የናይትሮሴሉሎስ ላከር የለበሰ ጊታር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማችን ሁኔታ እንለፍ። ጊታሩ የገባው በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በራስ አሉላ እንግዳ የፈረስ ስም የሚጠራው ይህ ማረፊያ በጦርነቱ ምክንያት ከመንገደኞች በረራ ተለይቶ ከቆየ በኋላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በረራው ዳግመኛ መጀመሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ለዘመዱ የላከው ብዙ ዕቃ በዚሁ በር ገብቷል። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ወደፊትም የሙዚቃ መሣሪያ ሊልኩልን ይችላሉና በመንገድና በአቀባበል ጊዜ በላከር ላይ የሚደርሰውን ማወቅ ይጠቅመናል።

ብዙ ሰዎች «የአየር ከፍታው ጊታሩን ይሰነጥቀዋል» ይላሉ። ይህ አባባል በቁጥር ሲመረመር አይጸናም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው፤ የመቀሌው ደግሞ 2,250 ሜትር ገደማ ነው። በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ በመደበኛው በረራ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው እንዳይሳሳ ተደርጎ ይጠበቃል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚመጣ ጊታር የሚያየው የግፊት ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ላከርን የሚጎዳው ድንገተኛ የሙቀት ለውጥና ድርቀት ነው። ላከርና እንጨት ሲቀዘቅዙም ሆነ ሲሞቁ እኩል አይንቀሳቀሱም። ላከሩ አዲስ ሳለ ጥቂት ስለሚለጠጥ ይታገሣል፤ ሲያረጅ ግን ይደርቅና ተሰባሪ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ያደረ አሮጌ ጊታር በአንድ ጊዜ ለቀትር ፀሐይ ሲጋለጥ በላከሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ሊወጡበት ይችላሉ። የመቀሌን በጋ የምታውቁ ሁሉ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ ቀትሩም ምን ያህል እንደሚያቃጥል ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ስለዚህ ጊታር ለመቀበል ወደ ማረፊያው የሚሄድ ሰው የሚጠብቃቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። ሣጥኑን በአደባባይ ፀሐይ ላይ አይክፈት፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ድረስም በታክሲ ጣራ ላይ ወይም በኋላ መስተዋት ሥር አያቆየው። ቤት ከደረሰ በኋላ እንደ ተዘጋ ጥቂት ሰዓቶች በጥላ ያሳድረው። በበጋም ወራት ቀዳዳ ባለው የሳሙና ዕቃ ውስጥ ውኃው የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጎ በሣጥኑ ውስጥ ያኑርለት፤ ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከመቶ ከ45 እስከ 55 ነውና።

አሁን ወደ ሦስቱ ጉድለቶች እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው በጊታሩ ጀርባ ላይ ያለው ጭረት ነው። የቀበቶ ዘለበት የጫረው ይመስላል። ጥፍር በላዩ ሲያልፍ አይዝም፤ እንግዲህ እንጨቱ ድረስ አልዘለቀም። ይህ ምንም ቅብ አይጨመርበትም። ሲሊኮን በሌለበት ደቃቅ የመኪና ፖሊሽና በአሮጌ ካናቴራ ጨርቅ ቀስ አድርጎ መወልወል ይበቃል። ሲሊኮን ያለበት መወልወያ ግን ክፉ ነው፤ በላዩ ላይ ወደፊት የሚጣል ላከር እንደ ዘይት ጠብታ እየሸሸ አይያዝም።

ሁለተኛው በጠርዙ ላይ ያለው ሽራፊ ነው። ስፋቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ እንጨቱ ግን ወጥቶ ይታያል። ይህ በጠብታ ይሞላል። ቦታውን በደረቅ ጨርቅ ካጸዱ በኋላ፣ በቲነር የቀጠነ ቀለም የሌለው ላከር በስቴኪኒ ጫፍ ጠብ ያደርጉበታል። ጠብታው ሲደርቅ ይሰረጉዳል፤ በማግሥቱ ሌላ ይጨመራል። ከአካባቢው ጥቂት ከፍ እስኪል ድረስ ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይነኩት ይተዉታል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ላከር ተስተካክሎ ከተወለወለ በኋላ እንደ ገና ይጎደጉዳልና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ሲጠነክር ከፍ ያለውን መፋቅ ይከተላል። የአንድ ምላጭ ሁለት ዳርና ዳር በፕላስተር ይሸፈንና መካከሉ ብቻ ክፍት ይተዋል። ፕላስተሩ በደኅናው ላከር ላይ ሲሄድ ምላጩ የሚነካው ከፍ ያለውን ጠብታ ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ በቁጥር 1000፣ ከዚያም በ1500፣ በመጨረሻም በ2000 የብርጭቆ ወረቀት፣ ሳሙና ባለው ጥቂት ውኃ እየተነከረ ይለሰልሳል። ከዚያ ይወለወላል። ከአንድ ክንድ ርቀት የማይታይ ከሆነ በዚያው ማቆም ነው። አሥር ጊዜ ያማረውን ለማሳመር ሲፈልጉ ላከሩን ጨርሶ ወደ እንጨቱ መድረስ ቀላል ነው።

ሦስተኛው በፊቱ ላይ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ናቸው። እነዚህን አለመንካት ይሻላል። እንጨቱ አልተሰነጠቀም፤ የተሰነጠቀው ላከሩ ብቻ ነው፤ ድምፁንም አይጎዱም። ውኃና ፖሊሽ እንዳይገባባቸው ግን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጽዱ።

ስለ መሣሪያው አቅርቦት አንድ ነገር ልጨምር። ጊታሩ በአውሮፕላን ሊመጣ ይችላል፤ ላከርና ቲነር ግን ተቀጣጣይ ስለ ሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ መያዝ ክልክል ነው። ስለዚህ «ከውጭ ይላክልን» የሚለው ሐሳብ አይሠራም። ለዚህ ሥራ የሚበቃን ከአንድ ሲኒ ያነሰ ላከር ስለ ሆነ፣ ለዕቃ ቤት ሠሪዎች ቀለም ከሚሸጡ ሱቆች መጠየቅ ነው። በቲነር የሚቀጥን መሆኑን ግን አረጋግጡ። ሲሠሩበትም መስኮት ይከፈት፤ ሲጋራም ሆነ ቡና የሚፈላበት ከሰል በአጠገቡ አይኑር።

ጊዜውንም መምረጥ ያሻል። በክረምት እርጥብ አየር ላከር ሲደርቅ እርጥበት ያፍንና እንደ ጉም ይነጣል። በበጋ ግን ይህ ችግር የለም። ጊታሩን የሚያስጨንቀው የመቀሌ ደረቅ አየር ለጥገናው ረዳት ይሆነናል ማለት ነው። ስለዚህ በበጋ፣ ረፋድ ላይ፣ በጥላ ሥር ቢሠራ መልካም ነው።

«ሁሉም ተፍቆ ቢቀባ አዲስ ይመስላል» ለሚሉት ወንድሞቼ መልስ አለኝ። መምሰሉን አልክድም። ነገር ግን ፊቱ ሲፋቅ ቅቡ ብቻ አይሄድም፤ ከስሱ ሳንቃም የተወሰነ አብሮ ይሄዳል፤ ያም አይመለስም። ከዚህም ሌላ ትንሹ ጥገና ባያምር ትልቁ ጥገና ነገም ይጠብቀናል፤ ትልቁ ከተሠራ በኋላ ግን ወደ ትንሹ የምንመለስበት መንገድ የለም። ሊመለሱበት ከሚችሉት መንገድ መጀመር የማስተዋል ሥራ ነው። ይህም ለጊታር ብቻ የሚነገር አይመስለኝም።

ስለዚህ ለክበቡ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጭረቱ ይወልወል፤ ሽራፊው በጠብታ ይሞላ፤ ስንጥቆቹ እንዳሉ ይተዉ። ጊታሩም የጎማ ማንጠልጠያ ባለው መቆሚያ ላይ አይዋል፤ አንዳንዱ ጎማ የናይትሮሴሉሎስ ላከርን እያለሰለሰ ያበላሻልና በሣጥኑ ይቀመጥ። የትንኝ መከላከያ ቅባት የተቀባም እጁን ሳይታጠብ አይንካው፤ ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ላከሩን ይበላዋል።

ሥራው ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ልምምዳችን በክራር ይቀጥል። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ከዚያም ድምፅ እንስጥ።